የንጋቱ ወረቀት

እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ወደፊት የሚያወራ ሰው ያቅለሸልሸኛል። «እንዲህ አደርግልሻለሁ፣ እዚያ እወስድሻለሁ፣ እንዲህ እንሆናለን» ሲባል ስሰማ ተነስቼ እወጣለሁ። ይህ አመል የያዘኝ ካርቱም ነው፤ ያስያዘኝ ደግሞ ሚልዮን የሚባል ሰው ነው። በሊቢያ በኩል ሲወጣ እጄን ይዞ «በስድስት ወር ውስጥ አስመጣሻለሁ» አለኝ። ስድስት ወሩ ሲሞላ ስዊድን ገብቶ፣ ፀጉሯን ቢጫ ካስቀባች ሙሽራ ጋር የተነሳውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። እኔ ሞኟ ደግሞ ላይክ አደረግሁለት። ያቺ ጣቴ እስካሁን ትቀፈኛለች።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ በ2007 ዓ.ም. እንግሊዝኛ ልማር የሄድኩት። ካናዳ ያለው አጎቴ ስፖንሰር ሞልቶልኝ ስለነበር ለካናዳ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት ነበረብኝ። ጠያቂዎቹ መጨረሻ ላይ «እዚያ ስትደርሱ ምን ልትሠሩ አስባችኋል?» እንደሚሉ ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ካላክላ ሰፈር አንድ ክፍል አብራኝ የተከራየችው ወይንሸትም የራሷን የቃለ መጠይቅ ቀን ትጠብቅ ስለነበር፣ አንድ ዓርብ እጄን ጎትታ ወሰደችኝ።

ትምህርቱ የሚሰጠው እዚያው ካላክላ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ከአጥሩ ማዶ የሽንት ቤት ውሃ ቦዩን ሞልቶ ተኝቷል። በሩ አጠገብ ያለው የውሃ እንስራ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል፤ አንዱ ሰውዬ ሪዙን ነክሮ የጠጣበትን ኩባያ ሌላው ሳያጥብ ይቀበለዋል። ስድስት ቀን ሙሉ ጀብራ ሰፈር የሰው ቤት ሽንት ቤት ሳጥብ ከርሜ፣ በእረፍት ቀኔ ደግሞ ይህን ለማሽተት መምጣቴ አናደደኝ።

ሰሌዳው አሮጌ የበር ሳንቃ ነው። አጠገቡ የቆመው መምህር ረዘም ያለ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ያለቀ ቢሆንም በደንብ የተተኮሰ፣ ክንዱ ላይ ዱቄት የቀረበት ሰው ነው። ንጋቱ ይባላል። ደብረ ታቦር አስተማሪ ነበር። ካርቱም ከመጣ ወዲህ ግን በአዘቦት ቀን በዳቦ ጋጋሪ ቤት እየሠራ ዓርብ ዓርብ ያስተምራል።

«እንግሊዞች ነገን የሚናገሩበት መንገድ ብዙ ነው» አለ። «እዚሁ ቁጭ ብላችሁ ድንገት ከወሰናችሁ፣ ወይም ለሰው ቃል ከገባችሁ ‹ዊል› ነው። ቀደም ብላችሁ ያሰባችሁት ከሆነ ‹ጎይንግ ቱ›። ቀን ተቆርጦ ሰው የተቀጠረበትን ነገር ደግሞ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርገው ይናገሩታል። አውቶቡስና አውሮፕላን በሰዓታቸው ስለሚሄዱ፣ የእነሱ ነገ እንደ ዘወትር ነገር ነው የሚነገረው። በሉ፣ ሁላችሁም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር።»

አንዱ ተነስቶ በዊል ቶሮንቶ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ገዛ። ቀጥላ የተነሳችው በጎይንግ ቱ ሐኪም ሆነች፤ ይህቺ ሴት ስሟን መጻፍ የቻለችው ባለፈው ወር ነው። አንዱ አውሮፕላን አብራሪ፣ ሌላዋ ባለ ሆቴል ሆኑ። ዝንቡ ከንፈራቸው ላይ እያረፈ እንዲህ ሲሉ አንገሸገሸኝ። ተራው እኔ ላይ ደረሰ።

«የለኝም» አልኩ።

«ምን የለሽም?»

«ወደፊት። ውሸት አልወድም፣ ቲቸር።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ወይንሸት አፍራ ጎኔን ጎሸመችኝ። ንጋቱ ግን አልሳቀም። ጠመኔውን በጣቶቹ እያዞረ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«እሺ፣ ስለ ራስሽ አትናገሪ። ስለ አውቶቡስ ተናገሪ። የካላክላ ሐፍላ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«ሲሞላ ነዋ!»

«ትክክል» አለና በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። «ዛሬ እዚህ ጥላ ሥር እውነት የተናገረችው እሷ ብቻ ናት።»

ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ግን የወንድ ሙገሳ ወዴት እንደሚያደርስ ስለማውቅ ፊቴን አዞርኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ትምህርቱ ሲያልቅ አጠገቤ መራመድ ጀመረ። አልከለከልኩትም፣ አልጋበዝኩትም። አቧራው ዓይናችን ውስጥ እየገባ፣ ባለ ሦስት እግር ረክሻዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉብን እስከ ሰፈሬ ሄድን።

«በእኛ ቋንቋኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም» አለኝ። «‹እመጣለሁ› ያለ ሰው ዘወትር ይመጣ እንደሆነ፣ ነገ ይመጣ እንደሆነ አይለይም።»

«የማይመጣውም እንደዚያው ነው የሚለው» አልኩት።

«ስሙ ማን ይባላል?» አለኝ።

«የማን?»

«ያልመጣው።»

አልመለስኩለትም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም፤ ይህን አለመጠየቁን ነው መጀመሪያ የወደድኩለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ወራት ዓርብ ዓርብ ብቻ የነበሩ ይመስሉኛል። ንጋቱ ስለ ሁለታችን ነገ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ኢንሻአላህ እንኳ አይልም። አንድ ቀን ጫማዬ ተበጥሶ እየጎተትኩት ስሄድ አየኝና ምንም አላለም። በሳምንቱ ግን መርፌና ጠንካራ ክር ይዞ መጥቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰፋልኝ። እጄ በክሎር ተሰነጣጥቆ ደብተር ስይዝ እንደሚያመኝ ያየ ጊዜ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ቫዝሊን አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ካርቱም ሌባው ብዙ ነው» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ወይንሸት የዚያን ዕለት ማታ «ወደድሽው አይደል?» ስትለኝ ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለዚያች ለመጨረሻዋ ጥያቄ አሁንም መልስ አልነበረኝም። ሰዉ ሲበተን ንጋቱ ደብተሬን ተቀብሎ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆይቶ ጻፈ። እንግሊዝኛው ቀላል ነበር። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦

«ትንሽ ዳቦ ቤት ልከፍት አስቤያለሁ። በሩ አረንጓዴ ይቀባል። ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ምድጃውን ያቀጣጥላል፤ እኔን ግን አይቀሰቅሰኝም። ደንበኛ ላይ ስቆጣ እሱ ይስቃል። ማታ ማታ ዱቄቱን ከፀጉሬ ላይ ያራግፍልኛል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጆሮዬ ጋለ።

«ይሄ ባል ከየት የመጣ ነው?»

«ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት አይቆምም።»

«ስም የለውም?»

«ስሙን አንቺ ሙዪው።»

«ይሄ ሁሉ ዊል፣ ዊል… እንደሚያስጠላኝ አታውቅም?»

«አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ለዚህ ነው በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ የጻፍኩት።»

ሦስቱን ሳምንት ያንን ወረቀት ስደግም ከረምኩ። ሐፍላ ውስጥ የሰው ብብት አፍንጫዬ ላይ ሆኖ እደግመዋለሁ። የአሠሪዬን የመዳምን መታጠቢያ ቤት እየፈገፈግሁ «በሩ አረንጓዴ ይቀባል» እላለሁ። የማልወደውን ነገር እንደወደድኩት ታወቀኝና በራሴ ተናደድኩ፤ መድገሜን ግን አልተውኩም።

እዚህ ላይ የእኛን የካርቱም ሐበሾችን አንድ አመል ልንገራችሁ። ከቃለ መጠይቅ የወጣ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ አይሄድም። በር ላይ ከብበው «ምን ጠየቁህ? ምን አልክ? ሳቁ ወይስ ኮስተር አሉ?» ይሉታል። ጥሩ ነው የተባለ መልስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ይገለበጣል፣ ፎቶ ኮፒ ይነሳል። የአንዱ ሕይወት ለሌላው ይስማማ አይስማማ የሚያስብ የለም። ጠያቂዎቹን ሁሉ ጆሮ የሌላቸው እናደርጋቸዋለን።

በቀጠሮዬ ቀን ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሪዛም ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ በእንግሊዝኛ ይለማመዳል። መጀመሪያ አላዳመጥኩትም። ኋላ «ዳቦ ቤት» የሚለውን ሰማሁ። «በሩ አረንጓዴ ይቀባል» አለ። ቀጥሎ «ማይ ሃዝባንድ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል» አለ። ሃዝባንድ! ባሌ ማለቱ እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

«ምንድነው የምትለው?» አልኩት።

«የንጋቱ ወረቀት ነዋ! የለሽም እንዴ?» አዘነልኝና ከኪሱ አወጣ። «ያላ፣ ቶሎ አንብቢና መልሺልኝ። ካላክላ ያለ ሰው ሁሉ ይዞታል።»

የእጅ ጽሑፉ የንጋቱ ነው፤ ፎቶ ኮፒው ደግሞ ከኮፒ የተነሳ ኮፒ በመሆኑ ጠቁሯል። ወረቀቱ የሰውዬውን ላብ ጠጥቶ ረጥቧል። አንድም ቃል አልጎደለም፤ ቁጣዬም፣ ከፀጉሬ ላይ የሚራገፈው ዱቄትም እዚያው አሉ። የውስጥ ልብሴን ገበያ መሐል ያሰጡብኝ መሰለኝ። ለስንቷ ሴት ነው «አንድ ጊዜ ብቻ የጻፍኩት» ያለው? ይኸው ደግሞ ሪዝ ላለውም ሰጥቶታል! ምራቄ መረረኝ። ያን ጊዜ ስሜ ተጠራና ወረቀቱን ሳልመልስለት ገባሁ።

ጠያቂዋ ስለ ወደፊት ዕቅዴ ስትጠይቀኝ፣ አስተርጓሚው ተሰላችቶ በራሱ ጊዜ «ዳቦ ቤት ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩ። «ምን እንደምሠራ አላውቅም። አሁን የሰው ሽንት ቤት አጥባለሁ። እዚያም ሥራ አልንቅም። ከዚህ በላይ ብናገር ውሸት ነው።»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና ብዙ ጻፈች። የወደቅሁ መሰለኝ፤ ግድም አልሰጠኝ።

በቀጥታ ንጋቱ የሚሠራበት ዳቦ ቤት ሄድኩ። የምድጃው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። የአንዱ ጋጋሪ ላብ ሊጡ ላይ ጠብ ሲል አየሁና ያን ዳቦ ስበላ መኖሬ ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ንጋቱ ፊት ጣልኩት።

«ይሄ ምንድነው?»

እጁን ጠርጎ አነሳው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከባልህ ኪስ! ሪዛም ነው፣ ደስ ይበልህ!»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ብርቅነሽ፣ እኔ አንድ ጊዜ ነው የጻፍኩት። አንቺ ደብተር ላይ።»

«ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

«አላውቅም።»

«በል ማል።»

«አልምልም» አለ ቀስ ብሎ። «የነገርኩሽን ካላመንሽ መሐላውን ምን ታደርጊዋለሽ?»

ይህ ኩራቱ አበገነኝ። መሬቱ ላይ ተፋሁና ወጣሁ። አዎ፣ በሰው ሥራ ቦታ ተፋሁ። አሁን ሳስበው የምጸየፈው ራሴን ነው።

ሁለት ወር ከአልጋ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ አልጋ ሆነ። ትምህርቱን ተውኩ። ንጋቱ አልደወለም፤ ባለመደወሉም ሰደብኩት። ቢደውልም አላነሳለትም ነበር። ዳቦ እንኳ አስጠላኝ፤ ወይንሸት ስትገዛ እያየሁ እኔ ሩዝ እቀቅል ነበር።

ከዚያ የወይንሸት የቃለ መጠይቅ መልስ መጣ። አልተቀበሏትም፤ የተናገርሽው አልታመነም ብለዋታል። አልጋዋ ላይ ተደፍታ ትጮህ ጀመር።

«አረንጓዴ በር! እሳት ይብላው አረንጓዴ በሩን! ምነው እጄ በተቆረጠ ያንን ደብተርሽን ሳልነካው…»

ቃሏን ልትውጠው ሞከረች፤ ግን ወጥቷል።

«ደብተሬን ምን አደረግሽው?» አልኩ።

ጀብራ ሥራ ላይ ሳለሁ ወስዳ ገበያ ኮፒ አስነስታው ኖሯል። ለአክስቷ ልጅ ሰጠች፣ እሷ ለባሏ ወንድም፣ እሱ ለጓደኞቹ። ጫማዬን አነሳሁ። አልመታኋትም፤ ንፍጧ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳያት ጫማውን መልሼ ጣልኩት።

«ፈርቼ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። «የምለው ጠፍቶኝ ነው። ደግሞኮ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሰጠሁት።»

ካርቱም ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ! ትቻት ወጣሁ። የግቢው አጥር ሥር ተቀምጬ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። እሱ እውነቱን ነበር፤ እኔ ተፋሁ።

በዚያው ሳምንት እኔም ተደወለልኝ። አልፈሻል፣ ሰነድሽን ይዘሽ ለቪዛ ነይ ተባልኩ። አጎቴ በስልክ እልል አለ። እኔ የታየኝ ግን ንጋቱ ወረቀቱን ሲያነሳ የተለዋወጠው ፊቱ ነው።

ዓርብ ዳቦ ቤቱ ስሄድ ለቋል። ተማሪዎቹ በእሱ ወረቀት መውደቃቸውን ሰምቶ ማስተማሩንም ትቶ፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ሌላ ምድጃ ገብቷል አሉኝ ጋጋሪዎቹ። ሁለት ሐፍላና አንድ ረክሻ ቀይሬ ደረስኩ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ቆሻሻ በሚጣልበት በኩል፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል።

«ወይንሸት ናት» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ገምቼ ነበር።»

«ገምተህ ነበር? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንድ ክፍል የምትኖሪው ከእሷ ጋር ነው። እኔን ብታጪ የሚቀርብሽ ዓርብ ነው። እሷን ብታጪ በዚህ አገር ስትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል?»

ጆንያው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ይቅር በለኝ። ተፋሁብህ።»

«መሬቱ ላይ ነው የተፋሽው።»

«ለአንተ ነበር።»

«ደርሶኛል» አለና ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከዚያ እንዳልፈራ ቶሎ ብዬ ነገርኩት፦ «አልፌያለሁ። በሦስት ሳምንት ልሄድ ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። ጥፍሩ ሥር የደረቀውን ሊጥ ይፈቀፍቅ ጀመር።

«ሂጂ» አለ በመጨረሻ። «እኔ እጠብቅሻለሁ።»

«እንዳትለኝ!» ብዬ ተነሳሁ። «አስመጣሻለሁ፣ እጠብቅሻለሁ፣ ሁሉም ያው ነው! ያቅለሸልሸኛል!»

«ታዲያ ምን ልበል?» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ። «አትሂጂ ልበል? ሽንት ቤት ስታጥቢ አርጂ ልበል? ፋይልሽ ላይ ያላገባች ተብሎ ነው የተጻፈው። አገባሁ ካልሽ ቪዛው ይቆማል። ሰው ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ ታውቂያለሽ። እባክሽ፣ ዕድልሽን በእኔ አታበላሺ።»

«ትወደኛለህ?»

«ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?»

«መልስልኛ።»

«እወድሻለሁ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

የቪዛው ቀን አብሮኝ እንዲመጣ ለመንኩት። ሸሚዙን ተኩሶ፣ የሰነድ ማህደሬን ታቅፎ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ፊቱን አጨልሞ መጣ። ውጭ ቀረ፤ እኔ ገባሁ። ሰነድ መቀበያው መስኮት ላይ የቃለ መጠይቁ ቀን የነበረው ያው አስተርጓሚ ነበር።

«ሰነድሽን» አለኝ።

«ከዚያ በፊት የምናገረው አለ። ላገባ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መቼ?»

«ውጭ የቆመው ሰውዬ እንደሰማ።»

አንገቱን አስግጎ በመስኮት አየው። «እህቴ፣ የምትይው ገብቶሻል? ቪዛው ይቆማል። የእሱ ፋይል ተጨምሮ እንደ አዲስ ይታያል። ዓመትም፣ ሁለት ዓመትም፣ ከዚያ በላይም ነው። ላይሳካም ይችላል። ሄደሽ በኋላ ብትጠሪውስ?»

«ስንቱ በኋላ እንደሚጠራ አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ።»

ቅጹን ገፋልኝ።

ጀግና አልነበርኩም፤ ፈርቼ ነበር። የጀብራው ሽንት ቤት፣ የመዳም ጩኸት፣ የካላክላ ዝንብና ቦይ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ያኔም እጠላቸው ነበር፣ አሁንም እጠላቸዋለሁ። ከሁሉ የባሰ የቀፈፈኝ ግን፣ ሰው አገር በብርድ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ «ይጠብቀኝ ይሆን?» እያልኩ መኖር ነው። ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩ።

ስወጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ቪዛው ተመታልሽ?»

«አልተመታም።»

«ለምን? ምን ጎድሎ?»

«ምንም አልጎደለም። ላገባ ነው ብዬ ስምህን ጽፌ ወጣሁ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ጭንቅላቱን ይዞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። «ሞኝ! ደደብ! ሰው እንዲህ ያደርጋል?» እያለ በሚያልፈው ሰው ፊት ሰደበኝ። እንባው በአቧራማው ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

«አጎትሽ ምን ይላል?»

«ይሰድበኛል።»

«እናትሽስ?»

«ታለቅሳለች።»

«እኔስ? እኔ ምን ልበል?»

«ምንም አትበል» አልኩና እጄን ዘረጋሁለት። «ተነስ፣ ርቦኛል።»